ቤት ማሳመር ወይስ ግድግዳ ማልበስ?

 

ዛሬ የምናነሣው ርእስ ለአንዳንድ አንባቢ የሴቶች ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ ስለ ቤት ዕቃ ነውና። ነገር ግን እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉ ከተሞች ኒካህ በሶፋና በቡፌ ምክንያት ሲዘገይ፣ አባወራም ሳሎን ለማሟላት ብሎ ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው ጉዳዩን አይንቀውም። ሪባ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከባንክ ደጃፍ አይደለም። አንዳንዴ ከጎረቤት መጋረጃ ይጀምራል።

ለሳሎን የምንመኘው ዕቃ አብዛኛው ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚመጣ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድ በዘጋ ቁጥር ጭንቁን አባሰው። ፉክክሩ ግን አልቀነሰም። ቡፌው ውስጥ የተደረደረው ብርጭቆ ዓመት እስከ ዓመት ከንፈር አይነካውም፤ ልጆች ሶፋው ላይ እንዳይቀመጡ ይከለከላሉ። ታዲያ ዕቃው ለማን ተገዛ?

ኢማም ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ወጥተው ሳለ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በበሩ ላይ ያማረ ጨርቅ ሰቀሉ። ነቢዩ ሲመለሱ አዩትና አልወደዱትም፤ ስበው ቀደዱት፤ ድንጋይና ጭቃ ማልበስ አላህ ካዘዘን ነገር እንዳልሆነም ተናገሩ። ብዙ ዳዒ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ዓኢሻ የተቀደደውን ጨርቅ አልጣሉትም፤ ቆርጠው ሁለት ትራስ አደረጉት፣ ውስጡንም በተምር ዛፍ ቃጫ ሞሉት። በዚህ ነቢዩ አልነቀፏቸውም። ያው ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሳለ ተጠላ፤ ሰው የሚደገፍበት ሲሆን ተወደደ። ኢማም ነወዊና ብዙዎቹ ዑለማዎች ግድግዳ ማልበስ የሚጠላ እንጂ ሐራም አይደለም ማለታቸውን ግን አንዘንጋ። የሐራምን ቃል በየሰው መጋረጃ ላይ መበተን የእኛ ሥራ አይደለም።

ውበትም አልተከለከለም። አላህ ውብ መሆኑንና ውበትን እንደሚወድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የተከለከለው ኢስራፍ ነው፤ ሱረቱል ፉርቃንም የአላህን ባሮች ሲገልጽ በማባከንና በመሰሰት መካከል ያቆማቸዋል። መሰሰትም አብሮ እንደተወገዘ ልብ ይሏል። ሚስቱን በባዶ ቤት ብርድ ላይ አስቀምጦ «ዙህድ ነው» የሚል ባል ከዚህ አያመልጥም።

አሁን ወደ ጎጃም ደጋ እንመለስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድም አጥንት ይገባል። የዚህ አገር ሰው ለብርዱ መላ ነበረው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ፣ ቀናት አቆይቶ ይመርጋል፤ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ከመሰንጠቅ ያድነዋል። ከግድግዳው ጋር መደብ ያበጃል፤ በላዩ አጎዛ ያነጥፋል። ሴቶቹ ከስንደዶና ከአክርማ መሶብና ሰፌድ ይሰፋሉ፤ ሥራ ሲያልቅም ዕቃው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ይህ ግድግዳን ማልበስ አይደለም፤ ምክንያቱም ያው ሰፌድ ነገ ጠዋት ወርዶ እህል ያነፍሳል። መደብ ላለው ቤት የሚቀረው ትራስ ነው። አሮጌ ጋቢ ጠርዙ ቢያልቅም መሐሉ ደህና ነው፤ ተቆርጦ የትራስ ልብስ ይሆናል። ለሙሌቱ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ይበቃል። የዓኢሻ ጥበብ ይኸው ነው።

ወለሉ በእበት የተለቀለቀ እንደሆነ «ሰላት እንዴት ይሰገድበታል?» የሚሉ አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ እበት ነጃሳ ነው፤ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ንጹሕ ነው ይላሉ። በደረቀው ወለል ላይ ንጹሕ ሰሌን አንጥፎ መስገድ ከክርክሩ ያወጣል።

«መደብና አጎዛ የድህነት ምልክት ነው» የሚል ስሜት እንዳለ እናውቃለን። ለእኛ ግን ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው። ርስት ለተነፈገው የጎጃም ሙስሊም ሽመናና ንግድ የእንጀራ መንገዶች ነበሩ። «ሸማኔ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወርበት ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሻረው። ለእጅ ሥራ የነበረው ንቀት ግን በአዋጅ አልተሻረም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ አያቶቻችን የተሰደቡበትን ሥራ ዛሬ እኛው ራሳችን መናቃችን ነው። የሸማኔ ልጅ በእጅ የተሠራውን ጥበብ ትቶ ከፋብሪካ የወጣ መጋረጃ በዱቤ ይገዛል። ነቢዩላህ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ግን በሐዲስ ተነግሮናል።

ሌላም አለ። ከቁርኣን ሱራዎች አንዱ ስሙ «አል-ማዑን» ነው። ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ጨምሮ ብዙ ሙፈሲሮች ማዑንን ጎረቤት የሚዋዋሰው ዕቃ ነው ብለው ተርጉመውታል፤ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ። ይህን የከለከለ ሰው በዚያ ሱራ ተወቅሷል። እንግዲህ በዓመት አንዴ ለሚመጣ ድግስ ስድሳ ስኒ መግዛት ምን ያስፈልጋል? የዕድሩ ዕቃ አለ፤ የጎረቤት ስኒም አለ። ዘንድሮ ለማግባት ያሰባችሁ ወጣቶች ከዕቃው ዝርዝር ውስጥ የሚዋዋሱትን ለይታችሁ ሰርዙ፤ ለቀሪው ወለድ የሌለበት ዕቁብ ግቡ። የልጅቷ አባት «ቡፌ የታለ?» ብለው ከጠየቁ ደግሞ መልሱን ልጅቷ ብትሰጣቸው ይሻላል፤ የእሷን ቃል ከሙሽራው ይልቅ ይሰማሉ።