ወጣቶቻችንን ወደ ሐረማያ እንውሰዳቸው

ጌታችን ስለ አባቱ እንክብካቤ ባስተማረ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች እንዲመለከቱ አዘዛቸው (ማቴ. 6፥26-30)። ዛሬ ግን ስለ ፍጥረት ጥበቃ ለወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው ከአዳራሽ አይወጣም። መምህሩ ከከተማ በመኪና ይመጣል፤ ይናገራል፤ ችግኝ ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣና ይመለሳል። ችግኙን በበጋ ማን ውኃ እንዳጠጣው የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ወጣቶቹን ራሳቸውን ይዘን ብንጓዝ ይሻላል እንላለን። የሐረር ከተማ ለዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ ደለሉ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞችም መጠጥ ውኃው ያለ ልክ ተሳበ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ሐይቁ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶ ታይቷል። ወጣቱ በዳርቻው ቆሞ ይህን ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ ቢሰማ፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» የምድርን ጩኸት ከድኆች ጩኸት ጋር ለምን እንዳያያዙት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክማ ሩቅ የምትሄደው የድኻ ልጅ ናትና።

ገበሬውን ለመውቀስ ግን አንሂድ። ጫት ተክሎ ልጆቹን ያበላ ሰው ብቻውን በደለኛ አይደለም፤ ውኃውን በቧንቧ የጠጣው ከተሜም አለበት። ይህንም ለወጣቶቹ ሳንሸሽግ እንንገራቸው። ሲመለሱ በየቁምስናቸው አንድ የተራቆተ ተዳፋት ይረከቡ፤ እርከኑንም ክረምት ሳይገባ ይሥሩ።