ልብ በመጠይቅ ይመዘናልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሲላቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ደግሞ ሲጠይቃቸው «ሆዴን ያቃጥለኛል» አሉት። ጨጓራ ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘላቸው። በዚያው ወር ልጃቸውን እንደቀበሩ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩትም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን ያስታወሰኝ «የስሜት ብልህነት» ስለሚባለው ነገርና በሕክምና ቤት ስለ መለካቱ ያነበብኩት ነው። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. በጉዳዩ ላይ ጽሑፍ አሳተሙ፤ በ1995 ደግሞ ዳንኤል ጎልማን በመጽሐፉ ስያሜውን በዓለም አናኘው። የራስንና የሌላውን ስሜት ማወቅ፣ መለየትና መግራት መቻል ማለት ነው። ታዲያ በምን ይለካል?

አንደኛው መንገድ ሰውየውን ስለ ራሱ መጠየቅ ነው። ነገር ግን ስሜቱን የማያውቅ ሰው አለማወቁን በምን ያውቃል? ሁለተኛው እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ያለ ነው። ሳሎቬይና ሜየር ከዴቪድ ካሩሶ ጋር በ2002 ባወጡት ፈተና ላይ የሰው ፊት ፎቶግራፍ ይቀርባል፤ ተፈታኙ በፊቱ ላይ ምን ያህል ሐዘን ወይም ቁጣ እንዳለ ይገምታል። ትክክለኛው መልስ የቱ ነው ቢሉ፣ ብዙ ሰዎች የመረጡት ወይም ባለሙያዎች የተስማሙበት ነው። ሒሳብ እንዲህ ቢታረም ኖሮ እኔም ጎበዝ ተማሪ በተባልኩ ነበር! ከሁሉም በላይ ግን «ብዙ ሰዎች» የተባሉት የየት አገር ሰዎች ናቸው?

በ1994 በካናዳ ተመራማሪዎች ተሻሽሎ የወጣ፣ የቶሮንቶን ከተማ ስም የያዘ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅም አለ። ስሜታቸውን በቃል መግለጽ የሚያቅታቸውን ሰዎች ለመለየት ያገለግላል። ሐኪም እንኳ የማይረዳው የሰውነት ስሜት ይሰማህ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አዎን ማለት ነጥቡን ወደ ችግሩ ይገፋዋል። እኛ ግን ሐዘናችንን የምንናገረው በአካላችን ነው። አንጀቴ አረረ፣ ሆዴ ባባ፣ ልቤ ተሰበረ እንላለን። አክስቴ ስሜታቸውን መግለጽ አላቃታቸውም፤ ገልጸውታል፤ ሰሚ አጡ እንጂ። «አልሐምዱሊላህ» ማለታቸውም ሕመም የለኝም ማለት አልነበረም። ሰብር ነበር።

ታዲያ ሚዛኑ ይጣል ማለቴ ነውን? አይደለም። የሚመዘነው ታማሚው ብቻ መሆኑ ነው ያላማረኝ። በፊላደልፊያ የጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐኪሙ የታማሚውን ስሜት ምን ያህል እንደሚረዳ የሚለካ መጠይቅ አዘጋጁ። በ2011 ባወጡት ጥናት 29 ሐኪሞችንና 891 የስኳር ሕሙማንን አጠኑ። ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ሐኪሞች ሕሙማን 56 በመቶው፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት ደግሞ 40 በመቶው ስኳራቸው በሚገባ የተቆጣጠረ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቸል የሚባል ልዩነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን የትኛውም መጠይቅ አይደርስበትም። አታላይ ነጋዴም የገዢውን ፊት አሳምሮ ያነባል። ነጥቡ ችሎታን ይነግረን ይሆናል፤ ኒያን አይነግረንም። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ ሐኪምን መሾም ወይም ታማሚን «ስሜት የለሽ» ብሎ መፈረጅ በእኔ እምነት በደል ነው።

አክስቴ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ጨርሰውም ቃጠሎው አልተዋቸውም። ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። እዚያ ያለችው ነርስ ጥያቄዋን ትንሽ ለወጥ አደረገችው፤ «እማማ፣ ሆድዎን ምን አቃጠለው?» አለቻቸው። አክስቴ ወደ እኔ አዩ። ከዚያም «ልጄ» ብለው አለቀሱ። ነርሷም ወረቀቷን ትታ ወንበሯን አስጠጋች።