ጥርኝ ውኃውን ነጥቆ ምልጃ መለመን

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በየዐውደ ምሕረቱ ይነገራል። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ በአማላጅነቷ እንደ ዳነ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔም አምናለሁ። የምገሥጸው የማያምነውን አይደለም፤ እምነቱን የግፍ መሸሸጊያ ያደረገውን ነው።

«እሷ ታውቅልኛለች» እያልህ የሰው ገንዘብ የምትበላ ወንድሜ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዝኸው 78ቱን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ደም ከተማረ የእኔ ኃጢአት ምን አላት ብለህ ልብህን አደነደንህ። ውኃውን ረሳኸው። ለማን እንደ ተሰጠም ረሳህ፤ ዘመድ ላልሆነ፣ ውለታ ለማይመልስ፣ ሰው ለሚጸየፈው በሽተኛ ነበር።

ቶንጎን ተመልከት። የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከሱዳን የብሉ ናይል ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አስጠግታ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ የሚገኘው የጉሬ ሸምቦላ መጠለያ ተዘረፈ፤ ከ10,000 በላይ ነዋሪዎቹም ጥለውት ሸሹ። ጥር 10 ቀን ደግሞ በቶንጎ ከተማ በታጣቂዎችና በፌዴራል ኃይሎች መካከል ውጊያ ተነሣ። የእርዳታ ሠራተኞች ወጡ፤ በቶንጎ መጠለያ የነበሩ ሌሎች ከ10,000 በላይ ስደተኞች የሚበሉት አጡ። መጠለያው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ።

ጥር 10 ከተራ ነው። ክርስቲያኑ ታቦት አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርድበት ዕለት፣ አንድ ጊዜ አገሩን ያጣ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ጎጆውን አጣ።

የዘረፈው ማን እንደ ሆነ ራሱ ያውቃል፤ እግዚአብሔርም ያውቃል። እኔ ግን ጠመንጃ የያዘውን ብቻ አልገሥጽም። የስደተኛውን ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ እህል በርካሽ የገዛህ ብትኖር፣ አንተም አለህበት። «እነሱ እኮ የእኛ ሰዎች አይደሉም» ብለህ እጅህን አጣጥፈህ ያየህም አለህበት።

ለመሆኑ አማልጂኝ የምትላት ማን ናት? ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደች እናት ናት። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ጀምሮ ዘመነ ጽጌን የምታሳልፈው፣ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው፣ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋም የሚከበረው የዚህችን ስደተኛ መከራ ለማሰብ ነው። ስለ ስደቷ ሌሊቱን ሙሉ ስታሸበሽብ አድረህ፣ ጠዋት የስደተኛ እናት ደጅህ ስትቆም «ዞር በይ» ካልሃት፣ ማኅሌቱ ለማን ነበር? ሴትዮዋ ሙስሊም ብትሆንም ይህ ከቁጥር አያስወጣትም። በበላዔ ሰብእ ታሪክም ለምጻሙ ሃይማኖቱን አልተጠየቀም፤ ውኃው የተሰጠው ስለ ስሟ ነው።

መምህራን ሆይ፣ እናንተም ከተግሣጹ አላመለጣችሁም። ስለ ምሕረቷ ሲነገር ምእመኑ ያለቅሳል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ ይህ ጣፍጧችሁ ስለ መመለስ መናገር ተዋችሁ። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ዛሬ ግን የሰው ንብረት የያዘው ሰው ዝክር ሲያወጣ፣ ጧፍና ዕጣን ሲያስገባ፣ ከየት አመጣኸው የሚለው የንስሐ አባት ጠፋ። የቀማውን ሳይመልስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚባል ሰው ተታልሏል፤ አታላዩም ካህኑ ነው።

የእግዚአብሔር ምሕረት ወሰን የለውም። የእናቱም ልመና ከንቱ አይሆንም። ምሕረቱ የሚመለሰውን ይፈልጋል፤ አንተ ግን መመለስ አልፈለግህም፤ የዘረፍኸውን ይዘህ፣ የነጠቅኸውን ለብሰህ በምልጃዋ ልታልፍ ነው ያሰብኸው። በላዔ ሰብእ የዳነበትን ጥርኝ ውኃ ከተጠማው እጅ ነጥቀህ በኪዳኗ ልትድን? እንዲህ ያለ ኪዳን አልተሰጠም።

እንግዲህ ለየካቲት 16 ጠላ ከመጥመቅህ፣ ዳቦ ከመድፋትህ በፊት ቤትህን ፈትሽ። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ወደ አሶሳ አቅጣጫ፣ ወደ ጾሬ መጠለያ ነው የሸሹት፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። የእነሱ የሆነውን መልስላቸው። ባለቤቱን ካጣኸው ለሌላ ስደተኛ ስጥ። ከዚያ በኋላ ቅጽሯ ግባና ለምናት።