መልአኩ ሁለት ጊዜ ነካው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! «አምላኬ ሆይ፣ በቃኝ፣ ውሰደኝ» ያላችሁበት ቀን የለም? እንዲህ የሚል ሰው እምነት የጎደለው ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ሰማይን በጸሎቱ የዘጋና የከፈተ ነቢዩ ኤልያስም እንዲሁ ብሏል። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ካወረደ ብዙ ሳይቆይ ኤልዛቤልን ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ነገ. 19)።

መልአኩ ታዲያ ምን አደረገ? አልተቆጣውም፤ «አንተን የመሰለ ነቢይ!» ብሎም አላሳፈረውም። ነካ አድርጎ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ግን ተስፋ አልቆረጠበትም፤ ሁለተኛ መጣ። በዚያ ምግብ ኃይል ነቢዩ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ።

የመኖር ፍላጎት ይለካል ወይ? በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ሐኪሞች ጥናት አለ። በካንሰር ታመው መዳናቸው ያበቃለት 168 ሰዎች፣ ለመኖር ያላቸውን ፍላጎት በቀን ሁለት ጊዜ ራሳቸው እንዲለኩ ተደረገ። በአንዱ ሰው ልብ ውስጥ ፍላጎቱ በ12 ሰዓት ልዩነት እንኳ በጣም ከፍ ዝቅ ሲል ተገኘ። ከሚያናውጡት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ ድብርት፣ ጭንቀትና የትንፋሽ ማጠር ነበሩ። ልብ በሉ! በሌሊት ያለቀ የመሰላችሁ ነገር ሲነጋ ሊመለስ ይችላል። በጨለማ ሰዓት የተለካው የእናንተ ልክ አይደለም።

የአንኮበር አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያለ ሐኪም መለኪያ በኑሮ አይተውታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው «ክፉ ቀን» ሸዋንም አልማረም። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ሞፈርና ቀንበር ያለ ሥራ ተሰቀለ። ቀድሞ አንኮበር ላይ ሆነው ሸዋን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሳለ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ ሕዝቡም በሬ ሲያጣ በእጁ እንዲቆፍር አርአያ ሆኑ። በዶማ የሚቆፈር መሬት ስንት ይሆናል? ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ያቺ ጥቂት መሬት ዘር ተቀበለች። የመኖር ፍላጎት ማለት ሁሉን ዛሬ መጨረስ ሳይሆን የዛሬዋን ጥቂት መቆፈር ነው።

እንግዲህ በዚህ ጾም፣ ልባችሁ የዛለ ወገኖች፣ በዚያች ክፉ ሰዓት ምንም አትወስኑ፤ ብቻችሁንም አትሁኑ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ሐኪም ጋም ሂዱ፤ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ሕመምተኛ ከሆናችሁ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ ኤልያስም ከመንገዱ በፊት በልቷል።

የበረታችሁ ደግሞ መልአኩን ምሰሉ። ጎረቤታችሁ «ሞቴን በሰጠኝ» ሲል «አፍህን ያዝ፣ ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቁራሽና ውኃ ይዛችሁ ግቡ፤ አጠገቡ ተቀመጡ። ተመልሶ ከተኛም አትቀየሙ፤ ሁለተኛ ሂዱ።

ኤልያስን ያበረታ አምላክ ሁላችንንም ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።