ስትገቡ ስለ መውጫው ተነጋገሩ

ልጆቼ፣ ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ የምትጠይቁትን አውቀዋለሁ። ዋጋው ስንት ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው የግል? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ማሳደር ይፈቀዳል? ይህን ሁሉ ትጠይቁና አንዱን ትተዋላችሁ፤ ስንለያይ ከስንት ጊዜ በፊት እንነጋገራለን? ደላላውም አያነሳላችሁም። ኮሚሽኑን ከሁለት ወገን ቆጥሮ ሄዷል፤ የእናንተ መለያየት ለእሱ ሌላ ገበያ ነው።

እኔ ተከራይቼም አከራይቼም አይቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በሰፈራችን አከራይና ተከራይ ሲጣሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ እቀመጣለሁ። ሰው የኪራይ ጠብ ሁልጊዜ ከገንዘብ የሚነሳ ይመስለዋል። እኔ ፊት የቀረበው ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ሳይነግረኝ» በሚል ቃል ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ቂሙ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተጠራንበትን ግቢ ላንሳላችሁ። አይሱዙው ደጅ ቆሟል፤ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ተጭነዋል፣ ሶፋው ግማሹ ከበሩ ውጭ ግማሹ ውስጥ ነው። አከራይዋ እናት ዱካቸውን አምጥተው ሶፋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ መቀነታቸው ውስጥ ነው። ተከራዩ ወጣት ሥራው ወደ ሐዋሳ ተዛውሮበታል። የነገራቸው በሃያ ስምንት ነው፣ የሚወጣው በሠላሳ። ከዚያ ላይ የሁለት ወር ቅድሚያ ከፍሎ የኖረው አንድ ወር ብቻ ስለሆነ ቀሪውን መልሱልኝ ይላል። እሳቸው ደግሞ «ብሩን ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ አውዬዋለሁ፣ ከየት ላምጣ? ቤቱስ እስኪከራይ ማን ይከፍለኛል?» ይላሉ። ሹፌሩ በመሀል ጡሩምባውን ይነፋል። ልጁ አልዋሸም፣ እሳቸውም አልዋሹም። ውሉን አምጡ ስንል አንድ ገጽ ወረቀት መጣ፤ ስለ ኪራዩ ልክ፣ ስለ ቀለም፣ በምስማር ግድግዳ ስላለመብሳት ሳይቀር ተጽፎበታል። ስለ መውጣት አንድ መስመር የለበትም። የቀረውን ወር ለሁለት እንዲካፈሉት አድርገን ሶፋው ወጣ፤ ሁለቱም ግን ሳይሰነባበቱ ተለያዩ፣ እኔን ያሳዘነኝ ይኼኛው ነው።

የእኛ ከተማ በዚህ ነገር ልማዱ ተቋርጦበታል ብዬ አምናለሁ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ሰው ከሚኖርበት ሌላ ቤት ይዞ ማከራየት ቀረ፤ አከራዩ ቀበሌውና የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሆኑ። ከቀበሌ ቤት ደግሞ ማን ይወጣል? ተወልደው ያረጁበት አሉ። የቀረው ደባልነት ነበር፣ እሱም በመተማመን የሚኖር፣ ወረቀት የማያውቅ። በኋላ የግል ኪራይ ተመልሶ ሲመጣ፣ ኮንዶሚኒየሙም ሲጨመርበት፣ ኪራዩ በረከተ፤ የመለያየቱ ሥርዓት ግን እንደ ደባሉ ዘመን በአፍ ቀረ።

አሁን ሕግ አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320 ነው፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ብዙ ወጣቶች «ማስመዝገብ ለአከራዩ ግብር ያመጣበታል» ብላችሁ ይሉኝታ ይይዛችኋል። ይሉኝታው መልካም ጠባይ ነው፣ ሆኖም ውሉ ያልተመዘገበ ሰው «ነገ ልቀቅ» ሲባል የሚይዘው ነገር አያገኝም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ተከራዮች፣ ከእናንተ ልጀምር። ለመውጣት እንዳሰባችሁ ንገሩ እንጂ አዲሱን ቤት እስክታገኙ አትደብቁ። ከሁለት ወር አያንስ እላለሁ። ሁለት ወር ለእናንተ ረጅም ይመስላል፤ በዚያ ኪራይ መድኃኒት ለሚገዙ እናት ግን ሌላ ሰው ለመፈለግ የሚበቃ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሄዳችሁ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ ቡና ላይ ቢሆን ይሻላል። በቴሌግራም ብቻ «እለቃለሁ» ብሎ መላክ ነውር ነው፣ በአፍ ብቻ ተናግሮ መቅረትም ሞኝነት ነው። ከተናገራችሁ በኋላ በሁለት ቅጂ ጻፉት፤ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የምትወጡበት ቀን፣ የተከፈለው እስከ መቼ እንደሆነ ይግባበት፣ አከራዩም መቀበላቸውን ይፈርሙ።

ቀኑን በቁጥር ጻፉ ያልኩት በምክንያት ነው። «ሁለት ወር» ብላችሁ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ብትናገሩ ጳጉሜን ትመጣለች። በልማዳችን የጳጉሜን ኪራይ አይጠየቅም፤ ታዲያ በነዚያ ቀናት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው በማን ሒሳብ ነው ያለው? በዚህች በአምስት ቀን አንድ ምሽት ሙሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። «መስከረም 15 ቁልፍ እመልሳለሁ» የሚል አንድ መስመር ያን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ደግሞ ቅድሚያ ከፍያለሁ ብላችሁ የመጨረሻውን ወር በዝምታ አትብሉት። ይታሰብልኝ ማለት ትችላላችሁ፣ ግን ጠይቁና ተስማሙ።

አከራዮች ላይ ቃሌ ትንሽ ይጠነክራል፣ ምክንያቱም እቃ ተሸክሞ የሚወጣው ሌላው ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ በሠላሳ ዓመታችሁ አከራይ የሆናችሁ አላችሁ፤ ትናንት እናንተም ተከራይ ነበራችሁ። «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» የምትለዋን ነገር ተዉአት። ሰፈር ያውቃታል፣ ደላላ ያውቃታል፣ ተከራዩም ያውቃታል። ከውጭ ይመጣል የተባለው ልጅ በወሩ ሌላ ተከራይ ሆኖ በእጥፍ ዋጋ ሲገባ ጎረቤት ያያል። ዋጋው አልበቃ ካላችሁ ዋጋው አልበቃኝም በሉ፤ ጭማሪ በሕግ ወሰን አለው፣ በወሰኑ ተነጋገሩ። ቤቱን በእውነት ከፈለጋችሁትም እውነቱን ከነጊዜው ተናገሩ። ቤት ሲሸጥም ሻጩ ቀድሞ ለተከራዩ፣ ስለ ተከራዩም ለገዢው ይንገር እንጂ «አዲሱ ባለቤት ያስወጣህ» ብሎ ጥሎት አይሂድ።

ወቅቱንም አስቡ። በሐምሌ ዝናብ ፍራሽ ማስጫን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅ ያለውን ሰው በየካቲት ውጣ ማለት ልጁን ከክፍሉ አውጣ ማለት ነው፤ ሰኔ ፈተና እስኪያልቅ ብትታገሱ ምን ይጎድልባችኋል? በእርግጥ ሁሉም ተከራይ ይህ አይገባውም። ኪራይ ሳይከፍል የሚከርም፣ መኖሪያውን መጋዘን የሚያደርግ፣ ግቢውን በጠብ የሚያምስ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሕጉም ያለ ማስጠንቀቂያ ውል የሚቋረጥበትን መንገድ አስቀምጧል። ያም ቢሆን በሕግ ነው። መብራት መቁረጥ፣ ውሃ መዝጋት፣ ሰውየው ሥራ ሲውል ቁልፍ መቀየር ማስጠንቀቂያ አይባልም። ሽማግሌ ፊት ስትመጡም የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይኼ ነው፤ መብራቱን ማን ቆረጠው?

የመውጫው ቀን ሲደርስ ቤቱን አብራችሁ ዙሩ። የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የውሃውንም ሒሳብ እዚያው ዝጉ፣ ቁልፎቹን ቆጥራችሁ አስረክቡና መረካከባችሁን በአንድ ወረቀት ላይ ፈርሙ። ተከራዩ በዚያ ቤት አድራሻ መታወቂያ አውጥቶ ከሆነ ከወረዳው መሸኛ ያስፈልገዋል፤ ያለ መሸኛ አዲሱ ወረዳ አይመዘግበውም። አንዳንድ አከራይ ተቀይሞ «አላውቀውም» ይላል፣ አንዳንድ ተከራይም ስሙን እዚያው አስመዝግቦ እንደተወ ይጠፋና ባለቤቱ ለሚቀጥለው ሰው መታወቂያ ሲያወጣ ይቸገራል። ስለዚህ ከመኪናው በፊት ወረዳ ሂዱ፣ ቢቻል ሁለታችሁም አብራችሁ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወረፋው ሳይረዝም።