ቀዩ አለላ

አንዲት መሶብ ሰፊ ባልቴት ነበረች። በሰፈሯ ጎጆ የወጣ ሁሉ የእሷ እጅ ያረፈበት መሶብ አለው። ካንሰር ያዛት፤ ሐኪሞቹም የሚድን እንዳልሆነ ነግረው ወደ ቤቷ ሸኟት።

ልጇ የሚወዳት ነው። «እማዬ፣ አንቺ ዕረፊ» ብሎ ወስፌዋን ማገሩ ላይ ሻጠው፤ አክርማውን ለጎረቤት ሰጠው። ያጎርሳታል፣ ያገላብጣታል፣ ጠያቂ ሲመጣ በእሷ ፈንታ ይመልሳል። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ በዚያው ፍቅር ግን ከእጇ ሥራዋን፣ ከአፏ ቃሏን ወሰደባት።

ቤት ለቤት እየዞረች የማስታገሻ ሕክምና የምትሰጥ ነርስ መጣች። መጀመሪያ ሥቃዩ ሳይነሣ በየ4 ሰዓቱ የሚወሰድ የሞርፊን ሽሮፕ ሰጠቻት። (ሥቃዩ ያልበረደለትን ሰው ሥራ ያዝ ማለት ጭካኔ ነው፤ መድኃኒቱ ይቅደም።) ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ዛሬ ምን መሥራት ያምርዎታል?» አለቻት። ባልቴቷ ወደ ማገሩ ቀና አለች።

ልጁ ተቆጣ። «ለማትጨርሰው ነገር ለምን ትደክማለች?»

«ማቲስ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር» አለችው ነርሷ። «እ.ኤ.አ. በ1941 በካንሰር ምክንያት ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ቆሞ መሣል አልሆነለትም። ረዳቶቹ ወረቀት ቀለም ይቀቡለታል፤ እሱ አልጋው ወይም ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በመቀስ ይቆርጣል፤ ይሄን ከፍ፣ ያን ዝቅ እያለ ግድግዳ ላይ ያስለጥፋል። በ1954 እስኪሞት እንዲህ ሠራ። እናትህ ያን ያህል ዕድሜ የላትም፤ ረዳት ግን አላት።»

ልጁ ወስፌውን አወረደ፤ አክርማውንም ከጎረቤት አስመለሰ። የእናቱ ጣት ወስፌ መጫን ስላቃተው እሱ ይወጋል፤ እሷ ውሃ የነካውን ስንደዶ ታሾልካለች። ስፌቱ ላላ ካለ ታስፈታዋለች፤ አንዱን ዙር ሦስቴ አስፈታችው። ጠያቂዎቹ «ሞቷን ረሳች» ብለው አሟት። አልረሳችም። ነርሷን «ስንት ቀን ቀረኝ?» ብላ የጠየቀቻት፣ ለልጇም የት እንደሚቀብራት የነገረችው መሶቡ ላይ አጎንብሳ ነው፤ እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ተፈታ።

ቅዳሜ ልጁ ቀይ አለላ ገዝቶ መጣ። ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ይሄ ነው ቀይ? የደፈረሰ! ሂድ መልስ፤ ደግሞ ሳትከራከር እንዳትገዛ።»

ከታመመች ጀምሮ ስትልከው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሻጭዋ ከገበያ ሳትነሣ ለመድረስ እየሮጠ ወጣ።