ላብና ሲሳይ በኦፓል ጉድጓድ

በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ከአደላይድ ወደ ሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኩበር ፒዲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙ ነዋሪዎቿ ከመሬት በታች በተፈለፈለ ቤት ይኖራሉ፤ እንጀራቸውንም የሚፈልጉት ከመሬት በታች፣ ኦፓል በሚባለው የከበረ ድንጋይ ቁፋሮ ነው። እዚያ ሁለት ቆፋሪዎች ጎን ለጎን ችካል ተክለው፣ እያንዳንዳቸው 50 ሜትር በ50 ሜትር ይዞታ ሊይዙ ይችላሉ። መሣሪያቸውም ትጋታቸውም እኩል ነው። አንደኛው ዕድሜ ልክ የሚያኖር ድንጋይ ያገኛል፣ ሌላው የናፍጣውን ወጪ እንኳ ሳይመልስ ይቀራል። ያገኘው ሰው «የላቤ ዋጋ ነው» ይላል። ታዲያ ጎረቤቱ ያፈሰሰው ላብ አልነበረም?

ድካሙን ማንም አይክደውም። ቆፋሪው በጠባብ ጉድጓድ፣ በብረት መሰላል፣ ብዙ ሜትር ይወርዳል። ታች ሲደርስ የአሸዋ ድንጋዩን በማሽን ይፈለፍላል ወይም ድማሚት ቀብሮ ያፈነዳል፤ ጭሱና አቧራው እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ፍርስራሹን በመኪና ላይ በተገጠመ ትልቅ መምጠጫ ወደ ላይ ያወጣል። ከዚያ ግድግዳውን በመብራት እየቃኘ ቀለም ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው እነሱ «ፖች» የሚሉት ነው። ፖችም ኦፓል ነው፤ ግን ቀለም አይጫወትበትም፣ ብዙም ዋጋ የለውም።

የከበረውን ኦፓል ከፖች የሚለየው ምን እንደሆነ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳዩ። ኦፓል ከደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች የተሠራ ነው። እንክብሎቹ መጠናቸው እኩል ሆኖ በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ከፋፍለው ቀለማቱን ያወጣሉ፤ ሲዘበራረቁ ድንጋዩ ፖች ሆኖ ይቀራል። የአንዱ እንክብል ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሦስት ሺኛ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ዋጋውን በዋናነት የሚወስነው ይህ አደራደር የተበጀው ሰው ዶማ ከማንሳቱ እጅግ ቀድሞ ነው። የቆፋሪው ብርታት እዚያ ውስጥ ምንም እጅ የለበትም።

የከተማይቱ አጀማመርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1915 ወርቅ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ውኃ ቸግሯቸው ሳለ፣ ኦፓሉን ያገኘው አብሯቸው የነበረው የ14 ዓመት ልጅ ዊሊ ሃቺሰን ነው። ወርቁን የፈለጉት ወርቅ አላገኙም።

ፈላስፎች ይህን የላብና የዕድል ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አንስተውታል። አሪስቶትል ተክል ሊተክል ጉድጓድ ሲቆፍር የተቀበረ ሀብት ያገኘን ሰው በምሳሌነት ጠቅሷል። በስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሮማው ቦኤቲየስ፣ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ፣ ምሳሌውን መልሶ አነሣው፦ አንዱ ወርቁን በራሱ ምክንያት ቀበረ፣ ሌላው በራሱ ምክንያት ቆፈረ፤ ሁለቱ ምክንያቶች ሲገናኙ ሰው ዕድል ይለዋል፣ ያገናኛቸው ግን መለኮታዊ ጥበቃ ነው። ጥሩ መልስ ነው፤ የኦፓል ቆፋሪውን ግን ሙሉ በሙሉ አይነካውም። የቦኤቲየስ ገበሬ ወርቅ አልፈለገም። ይህ ሰው ግን የወረደው ኦፓሉን ፈልጎ ነው። ልፋቱ ከግኝቱ ጋር ዝምድና አለው፤ ግን ግኝቱን አይወልደውም።

ይህን መካከለኛ ቦታ አጥብቀው የመረመሩት የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ናቸው። ሪካዝ፣ ማለትም ከጥንት የተቀበረ ሀብት፣ ያገኘ ሰው አንድ አምስተኛውን ይሰጣል፤ ከንግድ ሀብት የሚወጣው ዘካ ግን አንድ አርባኛ ነው። ማዕድንስ ከየትኛው ይመደብ? ክርክራቸው በዋናነት የወርቅና የብር ነበር። ከሊቃውንቱ ሐነፊዎች የሚባሉት ከሪካዝ ቆጥረው አንድ አምስተኛ አሉ። በሻፊዒዮች ዘንድ የታወቀው አቋም አንድ አርባኛ ነው። ኢማም ማሊክ ደግሞ ልፋቱን ራሱን መለኪያ አደረጉት፦ በብዙ ድካም ከወጣው አነስተኛው፣ ያለ ብዙ ድካም ከተገኘው ትልቁ ድርሻ ይወጣል። ከጉዳዩ ልብ የደረሰው ይህ አስተሳሰብ ነው። ሀብቱ ከላብ እየራቀ በሄደ ቁጥር ለሌላው የሚገባው ድርሻ ይሰፋል ማለት ነውና።

ላልለፉበት ነገር ባለቤት መሆን አይቻልም ማለት ግን አይደለም። በኦፓል መንደሮች ሌሊት የሰው ጉድጓድ ገብቶ እንደ መዝረፍ የሚጠላ ወንጀል የለም። ዘራፊው «አንተም በዕድል ነው ያገኘኸው» ብሎ ሊከራከር አይችልም። ሲሳይ የተሰጠው ሰው አለው፤ ከእጁ ሊነጠቅ አይገባም፣ እሱም ለብቻዬ ይገባኛል ሊል አይገባም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ የዚያ አገር ልማድም በከፊል ይይዛቸዋል። ሽርካዎች ድንጋዩን ማን ቀድሞ እንዳየው ሳይለዩ በውላቸው መሠረት ይካፈላሉ። ከጉድጓዱ ወጥቶ የተከመረውን ፍርስራሽም ባለይዞታው ከፈቀደ ሌሎች ያበጥሩታል። ሩት በቦዔዝ እርሻ የለቀመችው ቃርሚያ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ልማዱ የማይደርስበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 በኩበር ፒዲ የቀዘቀዘውን ሥራ መልሶ ያነቃቃው ቶቲ ብራያንት የተባለች አቦርጅን ሴት ያገኘችው ኦፓል ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ግን በምድሩ ላይ ያለው መብት በፍርድ ቤት የተረጋገጠለት ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የዕድልን ነገር አንስቶ ይህን መዝለል ነውር ነው።

ጥያቄው ከእኛም ደጅ ደርሷል። በወሎ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወጣት ገበሬዎች በገደሉ ወገብ ዋሻ እየፈለፈሉ ይቆፍራሉ። እዚያ ዕጣው የሚለየው ያገኘንና ያጣን ብቻ አይደለም፤ ናዳ የወሰዳቸው አሉ። ሟቹ የቆፈረው ሀብታም የሆነው ጎረቤቱ በቆፈረበት ዶማ ነው። ቆፋሪዎች በማኅበር ሲደራጁ በመተዳደሪያ ደንባቸው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለሟች ልጆችና ባዶ እጁን ለወጣው ባልንጀራ የሚቀመጥ ድርሻ ቢጽፉ፣ ያን ገንዘብ ምጽዋት ብለው መጥራት የለባቸውም። ዕዳ ነው፤ ድንጋዩ ከመሸጡ በፊትም ነበረባቸው።